የሊሙ ገጽ አልከፈት ያለ ዕለት

«ጥፋቱ የማን ነው?»

እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ አቶ ደረጀ ነው። ብቻችንን ሆነን ቢሆን ግድም አልነበረኝ። የጠየቀኝ ግን ሊሙ ገነት፣ የቡና ማጠቢያ ጣቢያው ግቢ ውስጥ፣ እሸት ቡናቸውን ለማስመዘን በተሰለፉ ገበሬዎች ፊት ነው። ሚዛኑ ጋ የቆመው ሰውዬ ሳይቀር መመዘኑን ትቶ አፌን አፌን ያይ ጀመር።

ዝም አልኩ። ፈርታ ነው እንዳትሉ። መልሱን ስለማላውቀው ነው። የማላውቀውን ነገር አውቃለሁ ማለት ደግሞ አልችልበትም። እኔ የሰራሁበት ቢሮ ውስጥ ግን ሁሉም ሰው ይችልበታል።

ስሜ ትዕግስት ነው። ሳቁ፣ ለምጄዋለሁ። አባቴ ጂማ መርካቶ ልብስ ሰፊ ነው፤ በልጅነቱ ከወልቂጤ መጥቶ እዚሁ የቀረ ሰው ነው። ስሙን ያወጣልኝ እሱ ነው፣ ምን አስቦ እንደሆነ እሱ ይወቀው። ያን ጊዜ ኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቄ፣ ስራ ፍለጋ ጫማ ጨርሼ፣ በመጨረሻ ሐጂ ሙስጠፋ የሚባሉ የቡና ነጋዴ ቢሮ ገብቼ ነበር። የሙከራ ጊዜ ላይ ነበርኩ። የሙከራ ጊዜ ማለት ሁሉም ሰው የሚያዝሽና ማንም «ጎሽ» የማይልሽ ጊዜ ማለት ነው።

ሐጂ ሙስጠፋ ሊሙ ገነትም ሸቤም የማጠቢያ ጣቢያ አላቸው፤ ዋናው ቢሮ ጂማ ፈረንጅ አራዳ ነው። አቶ ደረጀ ስራ አስኪያጃቸው ነው። ፊት ለፊቱ «እርስዎ» እለዋለሁ፤ እዚህ ጽሑፍ ላይ ግን «እሱ» ነው የምለው። ይቅርታ አልጠይቅም።

ስራዬ ምን መሰላችሁ። ውጭ ሀገር ያሉት የቡና ገዢዎች አሁን አሁን ቡናው ጣፋጭ ነው ስትሏቸው አይበቃቸውም። ከማን ማሳ እንደተለቀመ፣ ማሳው ጫካ ተመንጥሮ የተሰራ አለመሆኑን በካርታ ማየት ይፈልጋሉ። የኛ ልጆች ስልክ ይዘው በየገበሬው ማሳ ዞረው መዘገቡ። እኔ ደግሞ ያንን ሁሉ የሚሰበስብ ስክሪፕት የሚሉት ትንሽ ፕሮግራም ጻፍኩ። ገዢው ድረ ገጻችን ላይ ገብቶ የጆንያውን ቁጥር ሲያስገባ ስክሪፕቱ ይነሳና ካርታውን ያወጣለታል፤ ይሄ ቡና የእገሌ ነው፣ ማሳው እዚህ ነው ይለዋል። በቃ ይሄው ነው። ላፕቶፔ ላይ እንደ ውሃ ይፈሳል።

ሐሙስ ከዙህር ሶላት በኋላ ሜሮን የምትባል የገዢዎቹ የአዲስ አበባ ወኪል ከኛ ጋር በስልክ እየተነጋገረች ገጹን ልትከፍት ቀጠሮ ይዛለች። ከተከፈተ፣ የሊሙ ቡና በስሙ፣ ገበሬዎቹም በተነገራቸው ዋጋ ይሸጣሉ። ካልተከፈተ፣ ያ ሁሉ ተለቅሞ፣ ታጥቦ፣ ማድረቂያ አልጋ ላይ የተሰጣ ቡና ከየትም ከመጣ ቡና ጋር ተደባልቆ ይሄዳል። እኔን ደግሞ ደረጀ እንዲህ ብሎኛል፦ «ሐሙስ ካልሰራ፣ አርብ እንዳትመጪ።»

አልሰራም።

ድረ ገጻችን የተቀመጠበት ኮምፒውተር፣ ማለትም ሰርቨሩ ላይ፣ ከጫንኩት ቀን ጀምሮ የሚወጣው ነጭ ገጽ ነው፤ ላዩ ላይ «ኤረር አምስት መቶ» የሚል ጥቁር ጽሑፍ አለ። ምን ማለት እንደሆነ ልንገራችሁ? ምንም ማለት አይደለም። ሰርቨሩ «አሞኛል» ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ ማለት ነው። የት ጋ እንዳመመው የሚናገረው ሎግ የሚባል ቦታ ላይ ነው። ሎጉ ያለው ኮንትሮል ፓነል የሚባለው የሰርቨሩ መቆጣጠሪያ ገጽ ውስጥ ነው። የፓነሉ ፓስወርድ ያለው ደረጀ ጋ ብቻ ነው። ለኔ የተሰጠኝ ፋይል መላኪያ ብቻ ነው፤ ያም የሚያስገባኝ አንድ ፎልደር ውስጥ ነው። ሐኪም ሆነሽ በሽተኛውን በቁልፍ ቀዳዳ እይው እንደመባል ቁጠሩት።

ሰርቨሩ ደግሞ የኛ ብቻ አይደለም። ሼርድ ሆስቲንግ የሚሉት ነው። የኪራይ ግቢ በሉት፤ አንድ ግቢ፣ ብዙ ክፍል፣ ብዙ ተከራይ፣ አንድ አከራይ። ቆጣሪውን መንካት አትችልም። አከራይ የማይወደውን ነገር ካደረግህ ለምን እንደሆነ ሳይነግርህ መብራትህን ያጠፋዋል።

ረቡዕ ጠዋት ቢሮ ገብቼ ኮምፒውተሩን ስከፍት ጸሐፊዋ ፈቲያ ከጀርባዬ መጣች። የጂማ ልጅ ናት፤ አፏ ምላጭ ነው።

«ዛሬም ነጭ ነው?»

«ነጭ ነው።»

«ወላሂ ይሄን ነገር ዱዓ አስደርጊበት።»

«ፈቲያ፣ ሂጂልኝ።»

«ትዕግስት ብሎ ስም ያወጣልሽ ሰውዬ ግን አያፍርም?»

ያልሞከርኩት ነገር አልነበረም። የስክሪፕቱ የመጀመሪያ መስመር ፕሮግራሙ ሰርቨሩ ላይ የት እንዳለ ነው የሚናገረው፤ እሱን ለዋወጥኩት። ዊንዶውስ በየመስመሩ መጨረሻ የሚጨምራትን የማትታይ ምልክት አጸዳሁ። በመጨረሻ ተናድጄ «ሰላም» ብቻ ብሎ የሚያቆም ሁለት መስመር ስክሪፕት ጽፌ ጫንኩ። እሱም አምስት መቶ! ሰላም እንኳ አልል አለ። ያኔ ነው የኔ ኮድ እንዳልሆነ ያወቅሁት። ምን እንደሆነ ግን አላወቅሁም። «እኔ አይደለሁም» ማለት ደግሞ መልስ አይደለም፤ የትኛውም ሰነፍ የሚለው ነገር ነው።

ሆስቲንጉን የሸጠልን ልጅ ጋ አዲስ አበባ ደወልኩ።

«እህቴ፣ ኮድሽን አስተካክዪ» አለኝ፣ ገና ሳልጨርስ።

«ሰላም የምትል ኮድ ምኗን ላስተካክል? ሎጉን እይልኝ።»

«ፓነል ያለው ሰው ማየት ይችላል።»

«ፓነል ያለው ሰው አይሰጠኝም!»

«እሱ የናንተ የውስጥ ጉዳይ ነው» ብሎ ዘጋው።

ደረጀ ሊሙ ገነት ነበር። ደወልኩለት።

«ፓስወርድ በስልክ አይነገርም።»

«እሺ ሎጉን እርስዎ ይክፈቱና ያንብቡልኝ።»

«እኔ ቡና እያስመዘንኩ ነው አንቺ። ሎግ ምናምን የማነብ መሰለሽ?»

«ነገ እኮ ሐሙስ ነው አቶ ደረጀ!»

«ከፈለግሽ ነይ።»

ሄድኩ። ላፕቶፔን ጉልበቴ ላይ አቅፌ፣ ለሶስት ሰው የተሰራችውን የሚኒባስ ወንበር ለአራት ተካፍለን፣ ጭቃው ላይ እየተንሸራተትን። አጠገቤ የነበረች ሴትዮ «ሰርግ ነው የምትሄጂው?» አለችኝ፣ ፊቴ ለቅሶ ቤት የሚሄድ ሰው ፊት መሆኑን እያየች።

ደረጀ በላስቲክ ቦቲው ሚዛኑ አጠገብ ቆሟል። ከሩቅ ሲያየኝ ነው የጀመረው።

«ኧረ ነይ፣ ነይ! የኮምፒውተር ሐኪሟ መጣችልን!»

ሰው ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። «ፓነሉን ይክፈቱልኝ። እርስዎ እያዩኝ ሎጉን አንብቤ እሄዳለሁ። ፓስወርዱን ማወቅ አልፈልግም።»

«ስሚ፣ እኔ ከኔ የሚጠበቀውን አድርጌያለሁ። የሚያስፈልገውን ፈቃድ ሁሉ ሰጥቻለሁ። በኔ በኩል የጎደለ ነገር የለም።»

የምን ፈቃድ ብዬ አልጠየቅሁትም። ስለ በጀት የሚያወራ መስሎኝ ነበር።

«ሎጉን አንዴ ብቻ…»

ወደ ገበሬዎቹ ዞረ። «ኢሼን ሂን ቤክቱ» አላቸው፤ እሷ አታውቅም ማለት ነው። ኦሮምኛ የማልሰማ ይመስል! ጂማ ተወልጄ!

አዴ ከዲጃ የሚባሉ ሴት ገበሬ ከሰልፉ ወጥተው መጡ፤ አዴ በኦሮምኛ ወይዘሮ እንደማለት ነው። ነጠላቸውን አገጫቸው ስር አስረዋል፣ እጃቸው በቡናው ጭማቂ ተጣብቋል።

«ካርታው ላይ ስምሽ አለ ብለውኝ ነበር። አሁን የለም ማለት ነው?» አሉኝ።

«አለ አዴ። ስምዎትም ማሳዎትም አለ። በሩ ነው የተዘጋው።»

«በር ከሆነማ ይከፈታላ!»

«ይከፈታል።»

«መቼ?»

ይሄን ስጠየቅ ነው ደረጀ ጣልቃ የገባው። አንድ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ፣ ድምፁን እስከ መድረቂያ አልጋዎቹ ድረስ እንዲሰማ አድርጎ፦ «እስቲ ንገሪያቸው። ቡናቸው ተለቅሟል፣ ታጥቧል። እኔ ስራዬን ሰርቻለሁ። እነሱ ሰርተዋል። ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው?»

ዝም አልኩ ብያችኋለሁ። አዴ ከዲጃ ትንሽ ጠበቁኝና ምንም ሳይሉ ወደ ሰልፋቸው ተመለሱ። የደረጀ ስድብ አልነበረም ያቃጠለኝ፣ የሳቸው ዝም ብሎ መመለስ ነው።

«ነገ ጠዋት ጂማ እገባለሁ» አለኝ ደረጀ፣ አሸናፊ ሆኖ። «ሐጂ ፊት እከፍተዋለሁ። ማን እንደሚያውቅና ማን እንደማያውቅ እሳቸው ፊት ይታያል።»

ፓነሉን እዚያው፣ በስልኩ፣ ሻይ ጠጥቶ በሚጨርስበት ጊዜ መክፈት ይችል ነበር። ግን አጨብጫቢ ፈለገ። እኔም በመጣሁበት ሚኒባስ ጭቃዬን ተሸክሜ ተመለስኩ። እየተሳደብኩ ነው የገባሁት፣ በልቤ። ግማሹን ጮክ ብዬም ሳይሆን አይቀርም፣ ምክንያቱም ረዳቱ ሂሳብ ሲቀበለኝ በጣም በትህትና ነበር።

ሐሙስ። ሐጂ ሙስጠፋ ነጭ ቆባቸውን አድርገው ወንበራቸው ላይ ተቀምጠዋል። ድምፃቸው ዝቅ ያለ፣ ጸብ የሚጠሉ ሰው ናቸው። ሰው ሁሉ ደግ ናቸው ይላቸዋል። ደግነታቸው በኋላ ምን እንዳደረገ ታያላችሁ።

ደረጀ ኮምፒውተሬ ፊት ተቀመጠ፣ በመላ ሰውነቱ ኪቦርዱን ሸፍኖ ፓስወርዱን ጻፈ፣ ከዚያ ተነስቶ ወንበሩን በእጁ አሳየኝ፤ እስቲ እናይሻለን በሚል።

ሎጉን ከፈትኩ። ለዚህ ነበር ያ ሁሉ ቀን! መጨረሻው ላይ ያለው መስመር በግልጽ እንግሊዝኛ የሚለው ይሄን ነው፦ ፎልደሩን ማንም ሰው ሊጽፍበት ይችላል፤ ስለዚህ አላስኬድም። ስለ ኮድ አንድም ቃል የለም። የኔ ፋይል መላኪያ የሚያስገባኝ ፎልደሩ ውስጥ ብቻ ስለሆነ ይሄን ማየት አልችልም ነበር፤ ክፍል ውስጥ ቆልፈውባችሁ የበሩን የውጭ መቀርቀሪያ ንገሩን እንደማለት ነው።

«አቶ ደረጀ» አልኩ። «ይሄን ፎልደር ለሁሉም ሰው የከፈተው ማነው?»

የሚክድ መስሎኝ ነበር። ደረቱን ነፋ።

«እኔ ነኝ!» አለ። «ሐጂ፣ ይዩልኝ፣ ያልኩት ይሄን ነው።» ማውሱን ከእጄ ወስዶ ፎልደሩን ተጫነና አንድ መስኮት ከፈተ። ትንንሽ ሳጥኖች አሉት። ማንበብ፣ መጻፍ፣ ማስኬድ። ለባለቤቱ፣ ለቡድኑ፣ ለማንኛውም ሰው። ሁሉም ላይ ምልክት ተደርጓል። አንድ ባዶ የለም። «መጀመሪያ ሳየው ግማሹ ባዶ ነበር። በባዶ ነው እንዴ የሚተወው? ፈቃድ ሳይሟላ ስራ የት ይሄዳል? ቁጭ ብዬ ሁሉንም ሞላሁት። ከላይ ያለውንም፣ ከስር ያለውንም፣ አንድ በአንድ!»

እንደዚያ የሳቅሁበትን ቀን አላስታውስም። ሳቅ ብቻም አልነበረም፣ የሆነ ነገር አንስቼ መወርወርም አምሮኝ ነበር።

እውነቱን ለመናገር ግን ከየት እንዳመጣው ይገባኛል። ደረጀ ዕድሜውን የጨረሰው ቡና ጭኖ በየኬላው ሲቆም ነው። ሰኮሩ ኬላ ላይ መኪና ቆመ ተብሎ ሲደወልለት አንድ ነገር ብቻ ነው የሚጠይቀው፦ «የትኛው ፈቃድ ጎደለ?» መሸኛ፣ ማህተም፣ ፊርማ። በሱ ዓለም የቆመ ነገር ሁሉ የቆመው ፈቃድ ጎድሎት ነው። ፈቃድ በዝቶበት የቆመ ነገር አይቶ አያውቅም። ማንኛችን አይተን እናውቃለን? ኮምፒውተሩ ላይ «ፈቃድ» የሚል ባዶ ሳጥን ሲያይ ሞላው። ይሄ አላዋቂነት ነው፣ ክፋት አይደለም። ክፋቱ ሌላ ነው፤ ሞልቶት ሲያበቃ ሳይነግረኝ ዝም ብሎ፣ በሩን ቆልፎ፣ ገበሬ ፊት እኔን ማቆሙ።

ማውሱን መልሼ ያዝኩና ከአንደኛው ሳጥን ላይ ምልክቱን አነሳሁ። ደረጀ እጁን እጄ ላይ ጣለው።

«ልትቀንሺው ነው? ሐጂ! የቆመ መኪና ፈቃድ ልትቀማ ነው!»

«እጅዎን ያንሱ!» አልኩት።

«ማሊ ኩን?» አሉ ሐጂ። ምንድነው ይሄ ማለታቸው ነው። «አስረዱኝ እንጂ፣ ምን ያጣላችኋል?»

ወደ ሐጂ ዞርኩ። «ሐጂ፣ መጋዘንዎ በስንት ቁልፍ ነው የሚዘጋው?»

«በሶስት። አንዱ እኔ ጋ፣ አንዱ ደረጀ ጋ፣ አንዱ ንብረት ክፍሉ ጋ። ሶስታችን ካልመጣን አይከፈትም።»

«ሶስቱንም ቁልፍ አባዝተው መርካቶ ለሚያልፍ ሰው ሁሉ ቢያድሉትስ?»

«አስተግፊሩላህ!»

«አቶ ደረጀ ያደረጉት ይሄንን ነው። ሰርቨሩ ደግሞ የኪራይ ግቢ ነው፣ ብዙ ተከራይ አለበት። በኛ በር ሌባ ከገባ ጎረቤቱን ሁሉ ነው የሚዘርፈው። አከራዩ በራችን ለማንም ክፍት ሆኖ ሲያገኘው፣ የናንተን ስራ አላንቀሳቅስም አለ። ይሄ መስመር ላይ የተጻፈው ይሄው ነው። እንደ መጋዘኑ እንቁለፈው እያልኩ ነው።»

«ሜ፣ እስቲ ትሞክረው» አሉ ሐጂ።

«ሐጂ፣ ይቺ ልጅ…»

«ደረጀ፣ እጅህን አንሳላት።»

አነሳ። ለሌላ ሰው መጻፍ የሚፈቅዱትን ሳጥኖች ባዶ አደረግሁ፣ ባለቤቱ ብቻ እንዲጽፍ ተውኩ። ገጹን እንደገና ጠራሁት።

ነጭ። አምስት መቶ።

«ታዲያስ!» አለ ደረጀ፣ እጁን እያጨበጨበ። «ሐጂ፣ አላልኩም? እኔ ሰጠሁ፣ እሷ ቀማች፣ ያው ቆመ!»

ፈቲያ ከጠረጴዛዋ ጀርባ «ያ ረቢ» ስትል ሰማኋት። ከመስጊዱ የዙህር አዛን ተነሳ። ሐጂ ሊሰግዱ ቆሙ፣ አንዴ እኔን፣ አንዴ ኮምፒውተሩን አዩና ወጡ። ከሶላት ሲመለሱ ሜሮን ትደውላለች። ደረጀ ጆሮዬ ስር ቆሟል፤ «ተነሺ፣ ተነሺና እኔ እመልሰዋለሁ፣ ተነሺ» ይላል እንደ ዝንብ።

ሎጉን እንደገና ከፈትኩት። አዲስ መስመር ወጥቷል። አሁን የሚያማርረው ስለ ፎልደሩ አይደለም። ስለ ስክሪፕቱ ራሱ ነው፤ ደረጀ «ከስር ያለውንም» ብሎኝ የለ! እሱንም ለማንም ከፍቶታል፤ የኔ ፋይል መላኪያ ይሄንንም አያሳየኝም ነበር። ዘጋሁት። ቀጥሎ ያለውን ከፈትኩ፣ እሱም እንደዚያው። ዘጋሁት። እሱ አንድ በአንድ የሞላውን እኔ አንድ በአንድ ባዶ አደረግሁት፣ እሱ ከላይ እየጮኸ እኔ ከታች እየተሳደብኩ። ፈቲያ መጥታ በመሃላችን ቆመችና በትከሻዋ ገፋ አደረገችው።

ከዚያ ገጹን ጠራሁት።

ትንሽ አሰበ። መጀመሪያ ካርታው ላይ ወንዙ መጣ። ከዚያ መንገዱ። ከዚያ የሊሙ ማሳዎች አንድ በአንድ አረንጓዴ አረንጓዴ እየሆኑ ወጡ።

«እልል ልበል?» አለች ፈቲያ።

«እንዳትዪ» አልኩ።

ሐጂ ተመልሰው ተቀመጡ። ስልኩ ጠረጴዛው መሃል ላይ ድምፁ ተከፍቶ ተቀመጠ። ሜሮን ቸኮል ያለች፣ ትሁት ሴት ናት። የጆንያ ቁጥር ነገርናት። የኪቦርዷ ድምፅ ይሰማል። ከዚያም፦

«አየሁት። ከዲጃ ትላለች… ማሳዋም ይታየኛል። ደስ ይላል! እኛ የምንፈልገው ልክ ይሄንን ነው።»

«አልሐምዱሊላህ» አሉ ሐጂ።

«አንድ ነገር ብቻ ልጠይቃችሁ» አለች ሜሮን። «በዚህ ሳምንት ስሞክረው ዝግ ነበር። ችግሩ ምን ነበር? ቅዳሜ ገዢዎቹ ራሳቸው ናቸው የሚከፍቱት፤ ያኔ ተመልሶ እንዳይዘጋ ነው።»

ማንም አፉን ሳይከፍት ደረጀ ስልኩ ላይ ተደፋ። «ምንም አይደለም የኔ እመቤት! ያችኛዋ ልጅ አዲስ ተመራቂ ናት፣ ኮድ ላይ ተሳስታ ነው። እኔ ገብቼ አስተካክዬዋለሁ። ከእንግዲህ ሃሳብ አይግባሽ።»

ያችኛዋ ልጅ! ከጠረጴዛው ማዶ ነው ያለሁት።

ሐጂን አየኋቸው። ደረጀ «እኔ ነኝ» ሲል በጆሯቸው ሰምተዋል፣ የመጋዘኑን ነገር፣ የቁልፉን ነገር፣ ሁሉንም። እሳቸው ግን ጠረጴዛውን አዩ። ከዚያ ወደኔ ዘንበል ብለው በሹክሹክታ፦ «ተይው ኢንተለ ኮ። ሰርቷል አይደል? ነገር አይክረር» አሉኝ። «ኢንተለ ኮ» ልጄ ማለት ነው። ልጃቸው ብሆን እንዲህ ይሉኝ ነበር? ፈቲያም በጠረጴዛው ስር እግሬን ረገጠችኝ። በኋላ ስጠይቃት «እንድትናገሪም እንዳትናገሪም ነው የረገጥኩሽ» አለችኝ።

እዚህ ላይ አንዴ ላቁማችሁ፤ ምን እንዳልኩ ከመንገሬ በፊት የተከተለውን ስሙ።

ሐጂ ቢሮ አሁን አልሰራም። የሙከራ ጊዜዬ ሲያልቅ «ስነ ምግባር» በምትል አንዲት ቃል አሰናበቱኝ። ደረጀ አሁንም እዚያው ነው። ሐጂ ሲያሰናብቱኝ ዱዓ አደረጉልኝ፣ ደግ ናቸው አላልኳችሁም? አባቴ የስፌት መኪናውን አቁሞ «ዝም ብትዪ ምን ነበረበት?» አለኝ። ሰፈሩ ሁሉ የሚለኝ ይሄንኑ ነው። ዝም ብትዪ። ገጹ ተከፍቶልሽ። ደመወዝሽን እየበላሽ።

ዝም ብል የሚሆነውን ልንገራችሁ። ደረጀ ፈቃድ ሲሞላ ነገር ይሄዳል ብሎ ከልቡ ያምናል። ባዶ ሳጥን ሲያይ እጁን ይበላዋል። ቅዳሜ ገጹ ትንሽ ቢዘገይ ገብቶ ሁሉንም ይሞላዋል፣ የሊሙም ገጽ ገዢዎቹ አይን ፊት ነጭ ይሆናል፣ አዴ ከዲጃም እንደገና «አሁን የለም ማለት ነው?» ይላሉ። እና እናንተ ይሄን የምታነቡ፣ በተለይ ዘንድሮ ተመርቃችሁ ፋይላችሁን ይዛችሁ የምትዞሩ ልጆች፣ «ዋናው መስራቱ ነው» የሚላችሁን ሰው አትስሙት። ለምን እንደቆመ ያልተነገረ ነገር ነገም ይቆማል። ያኔ ደግሞ ማን ፊት እንደምትቆሙ ታውቃላችሁ።

ድሮ ነገር ሲበላሽ የማስበው ስለ ማሽኑ ብቻ ነበር። አሁን ስራ ስጀምር መጀመሪያ የምጠይቀው ቁልፉ ማን ጋ እንዳለ ነው። ካልሰጡኝ ወንበር ላይ እንኳ አልቀመጥም። ተፈላጊ አላደረገኝም ይሄ ጠባይ። ይቅር።

ያን ቀን ግን ሜሮን መስመር ላይ ነበረች፣ ሐጂ እጃቸው ክንዴ ላይ ነበር፣ ደረጀ ወንበሩ ላይ ተደላድሎ ነበር። የሐጂን እጅ ቀስ ብዬ አነሳሁትና ወደ ስልኩ ጎንበስ አልኩ።

«ሜሮን፣ ትዕግስት እባላለሁ፣ ገጹን የሰራሁት እኔ ነኝ። ኮዱ አልተሳሳተም።»

«እና ምንድነው?» አለች።

ቀና ብዬ እሱን አየሁት።

«አቶ ደረጀ፣ ትናንት ሊሙ ላይ ገበሬው ፊት ጥፋቱ የማን ነው ብለው ጠይቀውኝ ነበር። አላወቅሁትም ነበር፣ ለዚያ ነው ዝም ያልኩት። አሁን አውቄዋለሁ። ጥፋቱ የእርስዎ ነው። እጅዎን ካላነሱ፣ የቅዳሜውም የእርስዎ ነው።»